አርብ የሌለበት ሳምንት

ታኅሣሥ 19 ቀን 2004 ዓ.ም ሐሙስ ነበር፤ እኛ ዘንድ ቁልቢ ገብርኤል የነገሠበት ዕለት። ከኒውዚላንድ ሰሜን ምሥራቅ፣ ፓስፊክ ውቅያኖስ መሃል ላይ በምትገኘው ሳሞአም ሐሙስ ነበር። የሳሞአ ሕዝብ በዚያ ሐሙስ ማታ ተኝቶ ጠዋት ሲነሳ ቅዳሜ ሆኖ ጠበቀው። አርብ አልነበረም። በሕግ ተዘሎ ነበር። በፈረንጆች አቆጣጠር ዲሴምበር 30 ቀን 2011 ሳሞአ ውስጥ የተወለደ የለም፣ የሞተ የለም፣ ያገባ የለም። የአገሪቱ መዝገብ በዚያ ቀን ላይ ባዶ ነው።

ጂኦግራፊ ሳስተምር ይህን ታሪክ ሁልጊዜ አነሳለሁ። የመጀመሪያው ጥያቄ ከየትኛውም ክፍል ቢመጣ አንድ ዓይነት ነው፤ «ቲቸር፣ የአርቡ ደሞዝስ?» ተከፍሏል። መንግሥት ቀጣሪዎች ሁሉ ላልተሠራው አርብ እንዲከፍሉ አዝዞ ነበር። ሁለተኛው ጥያቄ ከኋላ ወንበር ይመጣል፤ «ልደቱ በዚያ ቀን የሆነስ?» እሱማ ሳያከብር አንድ ዓመት ጨመረ። ጳጉሜን 6 የተወለደች ተማሪ ነበረችኝ፤ ክፍሉ ሁሉ ሲገረም እሷ ብቻ «ታዲያ ምን አለበት?» በሚል ዓይን ታየኝ ነበር።

ብዙ ሰው ሰዓት የፀሐይ ጉዳይ ነው ብሎ ያምናል። በከፊል እውነት ነው። እኔ ግን ካርታውን ሳየው ሰዓት፣ በተለይም ቀን፣ ከፀሐይ ይልቅ የጉርብትና ጉዳይ መስሎ ይታየኛል፤ ሕዝብ አብሮት የሚነግደውን፣ የሚላላከውን፣ ልጆቹን የላከበትን አገር ቀን ይይዛል። ይህን ከሁለቱ ሳሞአዎች፣ ከነጻዋና በአሜሪካ ሥር ካለችው፣ የበለጠ የሚያስረዳ ቦታ አላውቅም።

መጀመሪያ ስሌቱን እንጨርስ። ክፍል ስገባ ብርቱካን እይዛለሁ። መሬት ዙሪያዋ 360 ዲግሪ ነው፤ አንድ ጊዜ ለመዞር 24 ሰዓት ይፈጅባታል፤ ሲካፈል ለአንድ ሰዓት 15 ዲግሪ ይደርሳል። ወደ ምሥራቅ 15 ዲግሪ በተጓዝን ቁጥር አንድ ሰዓት እንጨምራለን፣ ወደ ምዕራብ ከሆነ አንድ ሰዓት እንቀንሳለን። እዚህ ድረስ ማንም አይቸገርም። አሁን ሁለት ተማሪዎች ከአንድ ነጥብ ተነስተው ጣታቸውን በብርቱካኑ ላይ አንዱ ወደ ቀኝ፣ ሌላው ወደ ግራ ይንዱ። ጀርባው ላይ ሲገናኙ አንዱ 12 ሰዓት ደምሯል፣ ሌላው 12 ሰዓት ቀንሷል። ሰዓታቸው እኩል ነው፤ ቀናቸው ግን የተለያየ ነው። ስለዚህ ብርቱካኑ ላይ የሆነ ቦታ፣ ወደዱም ጠሉም፣ ዛሬና ትናንት የሚዋሰኑበት መስመር ሊኖር ግድ ነው።

ይህ በአካል ከደረሰባቸው ቀዳሚዎቹ የማጄላን መርከበኞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1522 ወደ ሦስት ዓመት ከፈጀ ጉዞ በኋላ ቪክቶሪያ የተባለችው መርከብ ምግብ ፍለጋ ኬፕ ቨርዴ ደሴቶች ላይ ቆመች። የዕለት ማስታወሻውን ሳያቋርጥ በጻፈው በጣሊያናዊው አንቶኒዮ ፒጋፌታ ቁጥር ዕለቱ ረቡዕ ነበር። የደሴቱ ሰዎች ግን ሐሙስ ነው አሉ። ፒጋፌታ አንድም ቀን አልዘለለም። ወደ ምዕራብ፣ ፀሐይ በምትሄድበት አቅጣጫ ዓለምን ስለዞሩ አንዷን ፀሐይ መውጫ መንገድ ላይ ጥለዋት ነው የመጡት።

መስመሩ የት ይሁን የሚለውን የወሰነ ዓለም አቀፍ ሕግ የለም። ይህ ራሴንም ሁሌ ይደንቀኛል። እ.ኤ.አ. በ1884 ዋሽንግተን የተሰበሰቡ መንግሥታት የኬንትሮስ ቆጠራ ከግሪንዊች እንዲጀምር ተስማሙ እንጂ የቀን መለያ መስመሩን በስምምነት አላሰመሩም። እያንዳንዱ አገር የቱ ቀን እንደሚሆን ራሱ ይወስናል፤ ካርታ ሠሪው ከኋላ እየተከተለ መስመሩን ያጣምማል።

ሳሞአ ሁለት ጊዜ አጣምማዋለች። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ንግዷ ከአውስትራሊያ ጋር ነበርና ቀኗም የእነሱ ነበር። ኋላ የአሜሪካ ነጋዴዎች ጉልበት ሲያገኙ ንጉሥ ማሊኤቶአ ላውፔፓን ከካሊፎርኒያ ጋር አንድ ቀን እንዲይዙ አግባቧቸው። እ.ኤ.አ. በ1892 ቀን ተደገመ፤ የተመረጠውም ቀን ጁላይ 4 ነው፣ የአሜሪካ የነጻነት በዓል። ሰኞ ጁላይ 4 አልቆ በማግስቱም ሰኞ ጁላይ 4 ሆነ። ዓመቱ ሠግር ዓመት ስለነበር ሳሞአ በዚያ ዓመት 367 ቀን ኖረች። ደራሲው ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን ያኔ ከዋና ከተማዋ ከአፒያ ከፍ ብሎ ባለው በቫይሊማ ቤቱ ይኖር ነበርና ሁለቱንም ሰኞዎች አሳልፏል። ነጋዴ የራሱን በዓል ለሁለት ቀን ለማስከበር ከዚህ የተሻለ ዘዴ የሚያገኝ አይመስለኝም።

በ1899 ጀርመንና አሜሪካ ደሴቶቹን ተካፈሉ። ምዕራቡ ለጀርመን፣ ምሥራቁ ለአሜሪካ ሆነ። የምዕራቡን ክፍል ኒውዚላንድ በ1914 ያዘችው፤ ጃንዋሪ 1 ቀን 1962 ነጻ ወጣና ዛሬ ሳሞአ የምንላት አገር ሆነ። ምሥራቁ አሜሪካን ሳሞአ ተብሎ እስከ ዛሬ የአሜሪካ ግዛት ነው። ቋንቋው አንድ፣ ዘሩ አንድ፣ ቤተሰቡም የተጋመደ ነው። በሁለቱ ዋና ከተሞች፣ በአፒያና በፓጎ ፓጎ መካከል ያለው ርቀት ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን ቢሄዱ ነው፤ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ። ቀኑም ከመቶ ዓመት በላይ አንድ ሆኖ ቆየ።

የነጻዋ ሳሞአ ኑሮ ግን ቀስ በቀስ ፊቱን አዞረ። ልጆቿ ወደ ኦክላንድና ሲድኒ ተሰደዱ፤ ከውጭ የሚላከው ገንዘብ፣ የሚገባው ሸቀጥ፣ የሚመጣው ቱሪስት በአብዛኛው ከዚያ ወገን ሆነ። የቀኑ ሂሳብ ግን ገና የካሊፎርኒያ ነበር። አፒያ አርብ ቢሮ ስትገባ ኦክላንድ ቅዳሜ ሆኖ ዘግቷል። አፒያ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስትሆን ሲድኒ ሰኞ ሆኖ ሥራ ጀምሯል። ከሳምንቱ አምስት የሥራ ቀን ሁለቱ ወገኖች በጋራ የሚያገኙት አራቱን ብቻ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር ቱይላኤፓ ሳይሌሌ ማሊኤሌጋኦይ ለውጡን ሲያቀርቡ የተሟገቱት በዚህ ነው። ሰውየው ነገር ከጀመሩ የሚመለሱ ዓይነት አልነበሩም። ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በሴፕቴምበር 2009፣ ከአውስትራሊያና ከኒውዚላንድ ርካሽ መኪና እንዲገባ ብለው የአገሩን መንዳት ከቀኝ ወደ ግራ አዙረዋል፤ ተቃውሞውም ሰልፉም ፍርድ ቤቱም አላስቆማቸውም።

የቀኑ ለውጥ ግን ከመኪናው ቀለለ። በዚያች ሌሊት ማንም የሰዓት ዘንግ አልነካም። እኩለ ሌሊት እኩለ ሌሊት ሆኖ ነው የቀረው፤ ፀሐይም እንደ ወትሮዋ ወጣች። የተቀየረው ግድግዳው ላይ ያለው የቀን መቁጠሪያ ብቻ ነው። አፒያ ውስጥ ሰዎች በመሃል ከተማው የሰዓት ማማ ዙሪያ ተሰብስበው፣ ጸሎት አድርሰው፣ የመኪና ጥሩምባ እየነፉ ቅዳሜን ተቀበሉ። በእኛ አቆጣጠር አርብ ታኅሣሥ 20፣ ከቀኑ 7 ሰዓት ነበር። እነሱ አርብን ሲዘሉ እዚህ አዲስ አበባ የአርብ እኩለ ቀን ነው፤ የጁምዓ ሶላት ሰዓት።

ታናሽ እህቴ ኦክላንድ በሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች። እዚያ የተዋወቀቻት ሳሞአዊት ባልደረባዋ እናት በሳሞአ፣ ኡፖሉ ደሴት ገጠር ውስጥ አሉ፤ ወንድሟ ደግሞ ፓጎ ፓጎ የቱና ዓሣ ፋብሪካ ውስጥ ነው። አንድ የዕረፍት ሰሞን ባልደረባዋ እህቴን ወደ እናቷ መንደር ይዛት ሄደች። እኔ ስለ ቀን መስመሩ ስጠይቃት እህቴ የምትነግረኝ ስለ ማታው ጸሎት ነው።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ከመንደሩ አንድ ሰው ዛጎል ይነፋል፤ ወይም የተሰቀለ ባዶ የጋዝ ሲሊንደር በብረት ይመታል። መንገድ ላይ ያለ ባለበት ይቆማል። ጎረምሶቹ ሽርጣቸውን አገልድመው አስፋልቱ ዳር ይቆሙና አላፊ አግዳሚውን፣ ፈረንጅም ይሁን፣ በእጅ ምልክት ያስቆማሉ። ባህላዊው ቤት ምሰሶና ጣሪያ እንጂ ግድግዳ የለውም፤ ስለዚህ የየቤተሰቡ መዝሙር ከመንገድ ይሰማል፣ ሰዎቹም ምንጣፋቸው ላይ ክብ ሠርተው ሲጸልዩ ይታያሉ። አሥር፣ ቢበዛ ሃያ ደቂቃ ነው። እንደገና ይመታል፣ ኑሮ ይቀጥላል። እህቴ «ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚጀመረው?» ብላ እናትየውን ብትጠይቃቸው «ሲመታ ነዋ!» አሏት። በ2011 መንግሥት ቀን ሲዘልል የዚያ ሲሊንደር ሥራ በአንዲት ደቂቃ አልተዛነፈም።

የእሁዱም ነገር እንዲሁ ነው። ወንዶቹ ገና ሳይነጋ ተነስተው ድንጋይ በእሳት ያግላሉ፤ ሲነጋ መንደሩ በጭስ ይታፈናል። ድንጋዩ ላይ ታሮ (የእኛው ጎደሬ)፣ የዳቦ ፍሬ፣ ዓሣ፣ አሳማ ይደረደራል፤ በኮኮናት ወተት የራሰ የታሮ ቅጠልም አብሮ ይገባል። ሁሉም በሙዝ ቅጠል ይከደናል። ቤተሰቡ ነጭ ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ደርሶ ሲመለስ ምግቡ በስሏል። ይበላል፣ ከዚያ መንደሩ በሙሉ ይተኛል። እህቴ እሁድ ከሰዓት በኋላ ሱቅ ፍለጋ ብትወጣ ያገኘችው ውሾችን ብቻ ነው።

ፓሎሎ ደግሞ አለ። ኮራል ድንጋይ ውስጥ የሚኖር የባሕር ትል ነው። በዓመት አንዴ፣ ኦክቶበር ወይም ኖቬምበር ላይ፣ ጨረቃ ሙሉ ሆና ካለፈች ሳምንት ገደማ ሲሆናት፣ የትሉ የኋላ ክፍል እንቁላሉንና ዘሩን እንደያዘ ተቆርጦ ሌሊት ወደ ባሕሩ ወለል ይወጣል። ውኃው አረንጓዴና ሰማያዊ ክር የተበተነበት ይመስላል። ሰዉ ፋኖስና መረብ ይዞ፣ ጉልበቱ ድረስ ባሕር ገብቶ ይጠብቃል። ፀሐይ ስትወጣ አልቋል፤ ያመለጠው እስከ ከርሞ ይጠብቅ። በቅቤ ወይም በእንቁላል ይጠበሳል፤ ዋጋውም ውድ ነው። በሁለቱም ሳሞአ ትሉ የሚጠብቀው ያችኑ ጨረቃ ነው፤ የአፒያው ሰው ጠዋት ሐሙስ በላሁ ሲል የፓጎ ፓጎው ረቡዕ በላሁ ይላል።

ትሉን ያላስቸገረው ግን ሰውን አስቸግሯል። ከተቸገሩት ሁሉ ከባዱን ያየችው የሰባተኛው ቀን አድቬንቲስት ቤተ ክርስቲያን ናት። አድቬንቲስቶች ሰንበትን ቅዳሜ ያከብራሉ። አንድ ቀን ሲዘለል ግን ሰባተኛው ቀን የትኛው ነው? ከመጨረሻው ቅዳሜ ሰባት ብለው ቢቆጥሩ የሚደርሱት አሁን እሁድ ተብሎ የሚጠራው ቀን ላይ ነው። የቤተ ክርስቲያኒቱ አመራር ቆጠራውን መርጦ እሁድ ያመልክ ጀመር። ከምእመናኑ የተወሰኑት እምቢ አሉ፤ ቅዳሜ የተባለው ቅዳሜ ነው ብለው ተለዩ። የኢትዮጵያ አንባቢ በዚህ አይስቅም። እኛም በሰንበት ጉዳይ ገዳማት ተለያይተውብን፣ እ.ኤ.አ. በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ቅዳሜም እሁድም ይከበሩ ብለው ነው የገላገሉን። ሳሞአዎቹ ዘርዓ ያዕቆብ አልነበራቸውም።

አሜሪካን ሳሞአስ ለምን አልተከተለችም? ምክንያቱም ጎረቤቶቿ ሌላ ናቸው። በሕዝብ ቁጥር ትንሽ ናት፤ በ2020ው ቆጠራ 49,710 ሰው ነበራት። የግሉ ዘርፍ ትልቁ ቀጣሪ ስታርኪስት የተባለው የቱና ማሸጊያ ፋብሪካ ነው፤ ቆርቆሮው የሚሄደው ወደ አሜሪካ ሱቆች ነው። በጀቷን የሚደግፈው ዋሽንግተን ነው፤ ገንዘቧ ዶላር፣ ፖስታዋ የአሜሪካ ፖስታ፣ ጎረምሶቿ የሚያልሙት የአሜሪካን ፉትቦል። ተወላጆቿ የአሜሪካ ፓስፖርት ይይዛሉ፤ በልደት ግን ዜጋ አይባሉም፣ ድምፅም ለፕሬዚዳንት አይሰጡም። እንደዚህ ያለ ኑሮ ያለው ሰው አንድ ቀን ወደፊት ቢዘልል የሚያጣው እንጂ የሚያተርፈው የለም። አፒያ ኦክላንድን ስትከተል ፓጎ ፓጎ ባለችበት ቀረች፤ በሁለቱ መካከልም አንድ ቀን ገባ። ዛሬ የሁለቱም የግድግዳ ሰዓት አንድ ቁጥር ላይ ነው፤ አንዱ ሰኞ፣ ሌላው እሁድ።

በትንሽ አውሮፕላን ከአንድ ሰዓት ያነሰ ጉዞ ነው። ሰኞ ጠዋት ከአፒያ የተነሳ ፓጎ ፓጎ እሁድ ጠዋት ይደርሳል፤ ትናንት ካስቀደሰ ዛሬም ማስቀደስ ይችላል። በተቃራኒው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከፓጎ ፓጎ የተነሳ አፒያ የሚደርሰው እሁድ ከሰዓት በኋላ ነው፤ የእሁዱ ምሳ ተበልቶ፣ አገሩ ተኝቶ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ይህን ለቱሪዝም አሰቡት፤ ልደትንም ሠርግንም ባንድ ዓይነት ቀን ሁለት ጊዜ ማክበር ይቻላል አሉ። የእህቴ ባልደረባ ቤተሰብ ግን የሚጠቀምበት ለሌላ ነው። ለቅሶ ሲኖር «ቀብሩ ቅዳሜ ነው» ማለት አይበቃም፤ «በእናንተ ወይስ በእኛ?» የሚል ጥያቄ ወዲያው ይከተላል። የሳሞአ ለቅሶ የሩቅ ዘመድ ሳይቀር ጥሩ ምንጣፍና ገንዘብ ይዞ የሚደርስበት ነውና ባንድ ቀን መሳሳት ቀላል ነውር አይደለም።

ሳሞአ ብቻዋን አይደለችም። ኪሪባቲ የተባለችው የደሴቶች አገር እስከ 1994 መጨረሻ መስመሩ መሃሏን ይቆርጣት ነበር። ዋና ከተማዋ ታራዋ ሰኞ ስትገባ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚርቁት የምሥራቅ ደሴቶቿ ገና እሁድ ነበሩ። አንድ መንግሥት፣ ሁለት ቀን። በ1995 መግቢያ ላይ ምሥራቁ አንድ ቀን ዘለለና አገሪቱ አንድ ቀን ሆነች፤ ኪሪቲማቲ የተባለችው ደሴትም ከሰው መኖሪያዎች ሁሉ ቀድሞ አዲስ ቀን የሚገባባት ሆነች።

እኔ ሳሞአ ትክክል አድርጋለች ባይ ነኝ። ያጣችው አለ። ቀኑ ሲያልቅ ፀሐይ መጨረሻ የምትጠልቅባት አገር ተብላ ለቱሪስት ትሸጥ የነበረው ቀርቷል፤ ከሁሉ በላይ ግን ከወንድም እህት ጋር የነበራትን የጋራ ቀን አጥታለች፤ ይህ ለእኔ ቀላል ዋጋ አይደለም። ነገር ግን ልጁ ኦክላንድ ያለበት፣ ገንዘቡ ከኦክላንድ የሚላክለት፣ ሱቁን የሚሞላው ዕቃ ከኦክላንድ የሚጫንለት ሕዝብ የሎስ አንጀለስን ቀን ይዞ መቆየቱ ለ1892ቱ ነጋዴዎች ግብር መክፈል ነበር። ፓጎ ፓጎም በበኩሏ ትክክል ናት። የምትበላው ከአሜሪካ ነው።

ለአንባቢ የሚጠቅም አንድ ነገር ልጨምር። በየቀኑ አዲስ አበባ ከቀኑ 7 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ምሳ ላይ ሳለን ማለት ነው፣ ሰው በሚኖርባት ዓለም ላይ ሦስት የተለያዩ ቀናት አሉ። እኛ ማክሰኞ ከሆንን ፓጎ ፓጎ ሰኞ ሌሊት ነው፣ ኪሪቲማቲ ደግሞ ረቡዕ ገብቷል። ወደ አፒያ የሚደውል ሰው ካላችሁ በእኛ ሰዓት ላይ 10 ይደምር፤ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ቢደውል እዚያ የዚያው ቀን ምሽት 1 ሰዓት ነው፣ ጸሎት አልቆ ራት ላይ ናቸው። ወደ ፓጎ ፓጎ ከሆነም ያንኑ 10 ይደምርና አንድ ቀን ይቀንስ። በዚያ በኩል የሚያልፍ ትኬት የምትቆርጡ ደግሞ ከሰዓቱ በፊት ቀኑን አንብቡ።